ለሩዙ የሚተነፍስለት ሰው

ከደብረ ታቦር ስንነሳ ሹፌሩን «ከሰዓት ስትመለስ ሁለት ቦታ ያዝልን» አልኩት። ልጄ ምሕረት ሰምታኛለች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እሷ ሻንጣዋንና ተጠቅልሎ የታሰረ ፍራሿን አስጭና ልትቀር ነው የምትሄደው። እኔ ደግሞ «ቤቱን ልይልሽ» ብዬ ተከተልኳት፤ በሆዴ ግን ይዣት ልመለስ ነው። አስተማሪ ሆና የተመደበችው ከይፋግ ወዲህ፣ ሜዳው ላይ ነው። ክረምት ከበጋ እርጥበት የማይለየው፣ ወባ የማያጣው አገር። በዚያ ላይ መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። ያለችኝ ሴት ልጅ እሷ ናት። የምፈራውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ወረታ ሳልጨርስ እደርሳለሁ።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ አንዱ ተሳፋሪ መስኮት ከፈተ። ያን ጊዜ ሽታው መጣ።

የጭቃ ሽታ ነው፤ ግን የደጋ ጭቃ አይደለም። የደጋ ጭቃ ዝናብ ዝናብ ይላል፣ ወዲያው ይለቃል። ይሄ ውሃ ተኝቶበት የከረመ ዋልካ ነው። ጥቁር ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ከስሩ ግን ልክ እንደ ጥንስስ ትንሽ ጣፋጭ ነገር አለው። ተሳፋሪው አፍንጫውን በነጠላው፣ በጋቢው ሸፈነ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሩዙ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል፤ ሳላየውም አውቀዋለሁ።

«እማ፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ ምሕረት።

«አይ፣ እናቴ ትዝ ብላኝ ነው።»

*

ያን ክረምት ሰባት ወይ ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። የጉና ሥር ሰዎች ነን፤ ገብስ በላተኞች። የጉና ሰው ውርጭ ይፈራል፣ በረዶ ይፈራል፣ ከሁሉ በላይ ግን ማሳ ላይ የተኛ ውሃ ይፈራል። ገብስ የዘራ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ፈሰስ ነው። ፈሰስ ማለት ማሳውን አግድም ሰያፍ የሚቆርጥ ቦይ ነው፣ ዝናቡ ሳይቀመጥ እንዲሄድ። እናቴ ከወንድ እኩል ፈሰስ ታወጣ ነበር። ሰማዩ ሲጠቁር የሰፈሩ ሴት ሁሉ የተሰጣውን ሲያስገባ፣ እሷ ዶማ ይዛ ትወጣለች። «ውሃ እንግዳ ነው፤ በር ላይ ሸኙት» ትል ነበር።

አባቴ ከወንድሞቹ ሲካፈል የደረሰው መሬት ለአንድ ጥማድ በሬ መዞሪያ አይበቃም። የአባቱ እህት እማሆይ ወለተ ኪዳን ደግሞ ታች ሜዳው ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባላቸው ሞቶባቸው መንኩሰዋል፤ ልጅም አልነበራቸውም። «መጥተህ መሬቴን እረስልኝ፤ ስሞት ትቀብረኛለህ» ብለው ሰው ላኩበት። ወረድን። እናቴ ከእናቷ ጎተራ የወሰደችውን የገብስ ዘር በመቀነቷ ቋጥራ ነው የወረደችው። መንገዱን ሁሉ ቋጠሮውን እየዳሰሰች ነበር የምትሄድ።

እማሆይ አጭር ናቸው። ቆባቸው ከጭቃው ብዛት ነጭ ይሁን ቢጫ አይለይም። የእግራቸው ጣቶች እንደ ዳክዬ የተበታተኑ ነበሩ። እናቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ጫማዋን አዩባት።

«አንች ነሽ የጉናዋ? በይ አውልቂው። እዚህ አገር ጫማ ውሃ መቅጃ ነው።»

እናቴ አላወለቀችም። እስከ መስከረም ድረስ አላወለቀችም።

አባቴ በሰኔ ሩዝ ዘራ። ሩዝ የሚባለውን እህል ስሙን እንጂ መልኩን አናውቀውም ነበር። ሲበቅል ገብስ መሰለን፤ እናቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። የራሷን ገብስ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ በትንሽ መደብ ዘራችው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ወንዙ ሞላ። አንድ ማለዳ ስንነሳ ማሳ የለም፤ በማሳው ፋንታ ሰማዩ መሬት ላይ ተኝቷል። የሩዙ ጫፍ ብቻ እንደ ፂም ብቅ ብሏል።

እናቴ አየችው። ምንም ሳትናገር ገባችና ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለብሳ ወጥታ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤታችን አያ ዋሴ በዚያ ሲያልፉ አዩዋት። ጨዋታ የማያልቅባቸው፣ ከላያችን ያለውን ማሳ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው።

«እግዜር ያጥናሽ። ማን ሞተባችሁ?»

«እህላችን።»

«እህላችሁማ ገና መጠጣት መጀመሩ ነው!»

እማሆይ ከውስጥ ሆነው «አንተ ዋሴ፣ ልጂቱን ተዋት! ነጠላዋን ለኔ ቀብር ታቆየው» አሉ። ከዚያ ወጥተው በእግራቸው ክትሩን፣ ማለት ውሃው እንዳያመልጥ በማሳው ዙሪያ የተደለደለውን አፈር፣ እየረገጡ ዞሩት። የፈረሰውን በእጃቸው ጠፈጠፉት። እናቴ ይህን ስታይ አበዱ ብላ አማተበች። ሰው እንዴት ውሃን አጥር ያጥርለታል?

በዚያ ሳምንት እራት ላይ ነው የሰማሁት። እናቴ ለአባቴ፦

«ይሄ ሩዝህ ካልሆነ የምንበላው የለም። አንጓችን ለእህቴ እሰጣታለሁ። ደብረ ታቦር እየተላላከቻት ትደግ፤ እዚህ ወባና ውሃ ከሚበላት።»

አባቴ እጁን ታጥቦ ጨረሰና፣ «ይሁን አይሁን ኅዳር ላይ ይታያል» አለ።

አንጓች እኔ ነኝ። ግልገል ለሰው ሲሰጥ አይቼ አውቃለሁ፤ አንገቱ ላይ ገመድ ይገባለታል። የኔን ገመድ ከየት እንደሚያመጡት ሳሰላስል እህሉን ሳልጨርስ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሩዙ ነገር የኔ ነገር ሆነ። በየማለዳው ሄጄ በሕይወት እንዳለ አየዋለሁ።

*

እማሆይ ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ይሠሩ ነበር። ምንጣፉ የሚሠራው ከፊላ ነው። ፊላ ረግረጉ ውስጥ የሚበቅል፣ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ የረዘመ ነገር ነው። እሳቸው ውሃ ውስጥ ገብተው በማጭድ ያጭዳሉ፤ እኔ ዳር ሆኜ እሰበስባለሁ። አንድ ቀን አንዱን ቅጠል በጥፍራቸው ለሁለት ሰንጥቀው አሳዩኝ። ውስጡ ጓዳ ጓዳ ነው። በስስ ግድግዳ የተለያየ፣ ልክ እንደ ማር ሰፈፍ፣ ግን ባዶ።

«ማሩን ማን በላው?» አልኳቸው።

«ማር ያልነበረበት ነው። ለነፋስ የተሠራ ቤት ነው ይሄ። ሰው ውሃ ሲበላው በምን ይሞታል?»

«በውሃ።»

«በትንፋሽ ነው እንጂ፣ በማጣት። እህልም ሥሩ ይተነፍሳል ልጀ። አፈር ውስጥ ለነፋስ መተላለፊያ አለ፤ ውሃ ሲተኛበት ይዘጋና ሥሩ ይታፈናል። ፊላ ግን ትንፋሹን ከላይ ይስብና በዚህ በጓዳው እያሳለፈ ታች ለሥሩ ይልክለታል። የኛ ሩዝም እንዲሁ።»

አላመንኩም መሰለኝ። ከማሳችን ዳር አንድ ሩዝ ነቅለው፣ ከላይም ከታችም ቆርጠው፣ ውሃ በያዘ ቅል ውስጥ አንዱን ጫፍ ነከሩና በሌላው ጫፍ ነፉ። ከታች ጥቃቅን አረፋ፣ እንደ ጤፍ ያለ፣ ተንደቅድቆ ወጣ።

«አየሽ?»

አየሁ። ግን ያየሁት ሌላ ነው። ያየሁት እማሆይ ሲነፉ ነው። እማሆይ ደግሞ በየማለዳው ክትሩ ላይ እየተራመዱ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ደረታቸው ደካማ ስለሆነ አንድ ስንኝ በጨረሱ ቁጥር ቆም ይሉና «እፍፍ» ብለው ይተነፍሳሉ። እሳቸው ባለፉበት ሁሉ በየሩዙ ቅጠል ጫፍ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ተንጠልጥሎ ያበራል። እኔ በሩዙ ላይ አፍ ስፈልግ ከርሜ ነበር፤ አጥቼለታለሁ። አሁን ነገሩ ተገለጠልኝ። ሩዙ አፍ የለውም። የሚተነፍሱለት እማሆይ ናቸው፤ ጠብታውም ሥራ ሲሠራ ያደረ ላቡ ነው። ምሥጢር ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ፍልሰታ ተፈታ። እማሆይ ጾሙን እንደ ጨረሱ ወባ ጣለቻቸው። እናቴ ያላትን ጋቢ ሁሉ ደርባባቸውም ጋቢው ከነእሳቸው ይንቀጠቀጣል። አባቴ ወንድሙ ታሞበት ጉና ወጥቷል። እናቴ ከበሽተኛዋ ራስ አትነሳም። ስለ ሩዙ የሚያስብ ግን የለም። አንድ ቀን ታገስኩ። በሁለተኛው ማለዳ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ያለው ጠብታ ያነሰ መሰለኝ።

ስለዚህ ገባሁ።

ውሃው ለኔ ጭን ድረስ ነው። ጭቃው በጣቶቼ መሃል ሞቅ እያለ ወጣ። መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ አንዱን ሩዝ በአፌ ይዤ ነፋሁለት። ከዚያ የቀጥሎውን። ከዚያ ጀርባዬን ስላመመኝ ተንበረከክሁ፤ አገጬ ውሃ ነካ። እየዳህኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ። ማሳው ግን አያልቅም፤ አንድ ሺህ አፍ ቢኖረኝ አያልቅም። ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ። ዓይኔ ላይ ጥቁር ነገር ዞረ። ግንባሬን ውሃው ላይ ጣል አድርጌ ትንሽ ልረፍ አልኩ።

አንድ እጅ ማጅራቴን ይዞ ነቀለኝ።

«ልጀን! ልጀን በላብኝ! ኧረ የሰው ያለህ!»

«እምየ፣ እየተነፈስኩለት ነው» አልኳት።

አልሰማችኝም። አፌ ውስጥ የሩዝ ቅጠል አለ፤ ፊቴ ጭቃ ብቻ ነው። ተሸክማኝ ሮጠች፤ ጫማዋ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ቤት አስገብታ ገልብጣ ጀርባዬን መታችኝ፣ አሸችኝ፣ አገላብጣ ሳመችኝ። በመጨረሻ ደኅና መሆኔን ስታውቅ ተነስታ ከበሩ ኋላ ዶማዋን አነሳች።

እውነቱን ለመናገር ያን የመሰለ ፈሰስ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ከማሳው ራስ እስከ ግርጌ በሰያፍ ሦስት ቦታ ቀደደችው፤ ወደ ታች በኩል ያለውን ክትር ናደችው። ውሃው እንደ ተፈታ እስረኛ ወጣ። አያ ዋሴ ከላይ ማሳቸው ላይ ሆነው አይተው እየጮሁ መጡ።

«አንች ሴትዮ! ምን እያረግሽ ነው?»

«ልጀን እያወጣሁ!»

«ልጅሽማ ያቻት፣ ደጃፍ ተቀምጣ!»

«ትቀመጣ!»

«ሩዙን ገደልሽውኮ!»

«ልጀ ከምትሞት እሱ ይሙት!»

አያ ዋሴን ጨዋታ አጥተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ውሃው አለቀ። ጭቃው ላይ የቀሩ ትናንሽ ዓሦች ሲፈራገጡ ነጫጭ ወፎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ወረዱባቸው። እናቴ ዶማዋን ተደግፋ «ይኸው፣ አሁን ይተንፍስ» አለች። ገብስ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች።

ዝናቡም እንደ ተቀየመ ሰው ቀረ። ጳጉሜን በፀሐይ አለቀ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንዴን እስከ ብብቴ ያስገባል። እኔ ደስ አለኝ። ሩዙ በመጨረሻ አፍ አወጣ ብዬ በየስንጥቁ እየዞርኩ «እፍ» አልኩበት። ቅጠሉ ግን እንደ ወረቀት ይጠቀለል ጀመር። ውሃው አፍኖት የኖረው አረም ሁሉ ደግሞ ነፃ ወጣ፤ በሳምንት ውስጥ ከሩዙ እኩል ቆመ።

እናቴ ይገባት ጀመር። እህል መብላት ተወች። ለዘመን መለወጫ ሰው ሁሉ ቄጠማ ሲጎዘጉዝ የኛ ቤት ወለል ባዶውን ዋለ። በማግስቱ «ቀሚስሽን እጠቢ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ያለችኝ አንድ ቀሚስ ናት፤ አጥቤ ቁጥቋጦ ላይ ሰጣሁ። ስትደርቅ ወደ ደብረ ታቦር እንደምሄድ አውቃለሁ። እርጥብ እንድትሆን ደጋግሜ ውሃ እረጭባት ነበር።

*

እማሆይን ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ አያ ዋሴ ይሆናሉ። ከወባው ሲነሱ የዓይናቸው ነጭ እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ዘንጋቸውን ተደግፈው፣ በየሦስት እርምጃው «እፍፍ» እያሉ፣ ማሳው ድረስ ሄዱ። እናቴ አንገቷን ደፍታ ከኋላቸው፣ እኔ ከእናቴ ኋላ።

እናቴ ማሳው ዳር ወደቀች። «እማሆይ፣ ማሩኝ። ያስጠለሉኝን ቤት አፈረስኩ።»

«ተነሽ። አንዱን ንቀይልኝ እስቲ።»

አንድ ሩዝ ነቀለች። ከማሳው ጥግ ትንሽ ውሃ ቀርታ ነበር፤ እዚያ አጠቡት። ሥሩ እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ጣት መሰለ፣ ቀይ። ጥቁሩ ጭቃ ላይም ሥሩ በነበረበት ቀይ ቀይ ክር ቀርቷል።

«ይሄን ምን ቀባው?» አለች እናቴ።

«ትንፋሹ። ታች ድረስ ከሚልከው ትንፋሽ ጥቂቱ ወደ ጭቃው ያመልጠዋል፤ ጭቃው ያን ጊዜ እንደ ብረት ይዝጋል። በይ አሁን የገብስሽን አሳይኝ።»

ወደ ቤቱ ጀርባ ዞርን። የጓሮው ውሃ ገና አልጠፋም ነበር፤ ከጣሪያው የወረደው ሁሉ እዚያው ተኝቷል። የእናቴ ገብስ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። አንዱን ሲነቅሉት ያለ ጉልበት መጣ። ሥሩ ጥቁር ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። እናቴ ሥሩን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች። ሩዙ ሲበላሽ ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች።

«ገብሱና እኔ አንድ ነን እማሆይ። እዚህ አንበቅልም።»

«እንዴ! እዚህ ማን ፈሰስ አወጣለት? ያን የመሰለ ፈሰስ እዚህ ቢወጣ ምን ነበረበት? እኔኮ በዘመኔ ውሃ ማቆም እንጂ መሸኘት አልችልበትም፤ ይሄ ጓሮ ዕድሜ ልኬን እንደሸተተኝ ነው።» ትንሽ ተነፈሱ። «ፈርተሽ ነው ልጀ። ፍርሃት ዶማ ሲይዝ ማሳ አይመርጥም።»

እኔ ያን ጊዜ መናገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱ በእናቴ ላይ ብቻ የወደቀ መሰለኛ።

«እማሆይ፣ እርስዎ ሲታመሙ የሚተነፍስለት ጠፍቶ ነው። እኔ ስተነፍስለት እምየ መጥታ አወጣችኝ።»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። «ለማን ነው የምትተነፍሽው?» አሉ እማሆይ። ነገርኳቸው፤ ዳዊቱን፣ «እፍፍ» ማለታቸውን፣ ጠብታውን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወባው የተመለሰ መስሎኝ ነበር። ሳቅ ነው። ዘንጋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንች የኔ ጉድ! እኔ ለራሴ የምተነፍሰው አንሶኝ! ሩዝ የሰው ትንፋሽ ምን ያደርግለታል? የራሱን ይዞ የተፈጠረ ነው!»

እናቴ አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ዓይኔን እያየች፣ «አንች ልጅ፣ ምን አስጨነቀሽ በሩዝ?» አለችኝ።

«ለእህትሽ እንዳትሰጭኝ ብዬ ነው።»

መዳፏ ውስጥ ያለውን የገብስ ሥር ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችው። የቀረችዋን አንድ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ በመቀነቷ አስገባችና ወደ ሩዙ ማሳ ሄደች። ራሷ የቀደደችውን ፈሰስ በእጇ ጭቃ እየዛቀች መድፈን ጀመረች። እኔም ገባሁ፤ አላስወጣችኝም። ጭቃ አቀብላት ነበር።

ክትሩ ሲቆም ግን ውሃ የለም። ውሃ ያለው ከላይ፣ አያ ዋሴ ማሳ ላይ ነው። እናቴ ጭቃ በጭቃ እንደሆነች ሄደች። ስታያቸው ቀድመው ጀመሩ።

«ኧረ ጉድ ነው፣ ውሃ ስትሸኝ የነበረች ሴት ውሃ ልትለምን መጣች!»

«ይሳቁብኝ አያ ዋሴ፤ ይገባኛል። ብቻ እየሳቁ ይልቀቁልኝ።»

«ጫማሽስ?»

«ውሃ መቅጃ አድርጌዋለሁ።»

አያ ዋሴ ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ሳቁ። ከዚያ በእግራቸው ተረከዝ ክትራቸውን አንድ ቦታ ነደል አደረጉት። ውሃው በቀጭኑ፣ እንደ እባብ ጭቃውን እየላሰ፣ ወደኛ ገባ። ስንጥቆቹ ውስጥ ሲገባ አረፋ እያስነሳ ይንደቀደቃል። እናቴ ጎንበስ ብላ አረፋውን ስታይ ቆየች። «ይኸው አፎቹ ተዘጉ» አልኳት። «ይዘጉ፤ ሌላ መንገድ አለው» አለችኝ። የጓሮውን ፈሰስ ያወጣችው በዚያው ቀን፣ ሳትታጠብ ነው። የተኛው ውሃ ተነስቶ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ እማሆይ ጓሮ ተቀምጠው ምንጣፍ መሥራት ጀመሩ።

ዝናቡ መስቀልን ተከትሎ ተመለሰ። ከፍ ያለው የማሳው ክፍል አልዳነም። ዝቅ ያለው ግን አንሰራራ፤ አረሙን ሁላችንም እየነቀልን ጥቅምትን ጨረስን። አባቴ ከጉና ሲመለስ ማሳውን አየ፣ እናቴን አየ፣ ባዶ እግሯን አየ፤ «ምን ተፈጠረ?» ቢል እማሆይ «ምንም። ሚስትህ ወረደች» አሉት። በኅዳር አጨድን። ዘለላው ሲወቃ ድምፁ ከገብስ ይለያል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚያሰማው ያለ ነው። ብዙ አልነበረም፤ ለኛ ግን በቅቷል። ከጓሮው ገብስ ፈሰሱ ያተረፈውን ጥቂት እናቴ በእጇ ፈልፍላ እንደገና በመቀነቷ ቋጠረችው።

ስለ ደብረ ታቦር ማንም አላነሳም። እኔ ግን ሰው ሁሉ አውድማው ላይ ሲበላ ሲጠጣ ልቤ አላረፈም፤ እናቴ ገና አፍ አውጥታ አልተናገረችም። ለኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ያችኑ ቀሚሴን አምጭ አለችኝ። ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አድርጋ የግርጌውን ስፌት ፈታችና ታጥፎ የኖረውን ጨርቅ ዘርግታ በአዲስ ክር ሰፋችው።

«አጥሮብሻል። እንዲህ ሆነሽ እንዴት ከዚህ አገር ሰው ፊት ትወጫለሽ?» አለች።

ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።

*

የምሕረት ክፍል አከራዩዋ ግቢ ጥግ ያለች አንዲት የጭቃ ቤት ናት። ገና ሳልገባ ጉድለቷን መልቀም ጀመርኩ። መቀርቀሪያው ላላ ነው። መስኮቱ ላይ ወንፊት የለም። ደጃፉ ላይ ከጣሪያው የወረደው ውሃ ተኝቷል፤ ሽታው ያው ነው። ምሕረት ጫማዋን አውልቃ፣ ሱሪዋን ሰብስባ፣ ውሃውን አቋርጣ ገባች። ፍራሹን ዘረጋች። እኔ ከኋላዋ ከሻንጣው የምታወጣውን ልብስ እያጠፍኩ መልሼ እከታለሁ።

«እማ፣ ምን እያረግሽ ነው?»

«ሹፌሩ ሁለት ቦታ ይዞልናል።»

«እኔ አልሄድም።»

«ምሕረት፣ ይሄ ውሃ…»

«ፈርተሻል አይደል?»

«ፈርቻለሁ እንጂ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለችኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም። «ግን እቀራለሁ።»

እጄ ላይ ሹራቧ አለ። ውሃው ድረስ እጇን ሰድዳ ማጅራቴን የያዘችኝ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ ዶማ ያነሳችውም። ሹራቡን ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀልኩላት። ከዚያ ወጣሁና ለአከራዩዋ «እህቴ፣ ዶማ አለሽ?» አልኳት።

«ምን ልትሠሪበት?»

«ይሄን ውሃ ልሸኘው። ይሄኛው እንግዳ ነው።»

ጫማዬን አወለቅሁ። ከደጃፉ ጀምሬ፣ በሰያፍ፣ የግቢውን አጥር አልፎ ሩዙ ማሳ እስኪደርስ ቀደድኩት። እጄ ረስቶታል ብዬ ነበር፤ አልረሳም። ውሃው መጀመሪያ አንገራገረ፣ ከዚያ መንገዱን አገኘና ሄደ። ሩዙ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ምሕረት ደጃፏ ላይ ቆማ የደረቀውን መሬት በእግሯ ጣት ነካ ነካ ታደርጋለች።

«ስትደርሽ ደውይልኝ» አለችኝ። እኔ የምላትን ቀድማ አለችኝ።

ሹፌሩ ሲያየኝ ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። «እናት፣ ሁለት ነበራችሁ አይደል?»

«አንድ ነኝ» አልኩት።

ወረታን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ከፊት የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ «ኧረ መስኮቱን ክፈቱት፣ ጭቃው ይሸታል!» አለች። ሜዳው ከኋላችን ቀርቷል። ሽታው ከኔ እግር ነበር። መስኮቱ አጠገቤ ነው፤ አልከፈትኩትም።